ከሥሩ የነቀልኩት ሳማ

«ውሸት ነው» አለኝ ደምሴ ወረቀቴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ሁሉም አልልም። ይቺ ስንኝ ግን ውሸት ነች፦ ‹ጉሮሮዋን እየለበለበ፣ ሳማ ዋጠች እናቴ።› ሳማ ጉሮሮ አይለበልብም።»

«ግጥም ነው እኮ ደምስ።»

«ግጥም ቢሆንስ? አንዴ የፈላ ውሃ ካገኘው እንደ ጎመን ነው። እኔ መንዝ በሱ ነው ያደግኩት። አንተ ቀምሰኸው ታውቃለህ?»

«እናቴ በልታለች።»

«እናትህን አልጠየቅኩም።»

ደምሴ ፋርማሲስት ነው። ተመድቦ ሶዶ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን እንኖራለን። የሰኔን ጾም ከማያስታጉሉት ወገን ስለሆነ ሳማ ለሱ በጾም የሚናፍቀው ወጥ ነው። ለኔ ደግሞ ሳማ የረሃብ ስም ነው። እናቴ ልጅ ሳለች ስኳር ድንቹ አልቆ በቆሎው ሳይደርስ ሲቀር እየለቀሙ ይበሉ እንደነበር አንድ ሁለቴ ነግራኛለች፤ ከዚያ በላይ አትጨምርም። ከነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አርባ ስንኝ አወጣሁ። ሃያ ለሚሆኑ ሰዎች ሳነበው አጨበጨቡልኝ። ካጨበጨቡት መሃል ሳማ የበላ ይኑር አይኑር አልጠየቅኩም።

«ሄደህ ብላና ተመለስ» አለ ደምሴ ወረቀቱን እየመለሰልኝ። «ለጋ ለጋውን፣ ጫፉን ብቻ ነው የምትቀነጥሰው። ሥሩን እንዳትነካ፤ ሥሩ የከርሞ ነው። ለኔም አምጣልኝ።»

በዚህ ምክንያት ዓርብ ጠዋት አክስቴ ወዳለችበት ወደ ኦፋ ተነሣሁ።

ዓርብ ጠዋት፣ ከሶዶ ወደ ገሱባ

ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። እናቴ ሁለት ኪሎ ስኳርና ሦስት የልብስ ሳሙና በፌስታል ይዛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ዕቃው ለአክስቴ ለማርታ ነው። ማርታ የእናቴ ታናሽ ናት። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው፤ ልጅ አልነበራቸውም። ብቻዋን ስትቀር ቤቷን ዘግታ ሁምቦ ወረደችና ቆላ ላይ በሰው እርሻ ስትሠራ ቆየች። ቤቱም ፈረሰ። ባለፈው ዓመት ተመልሳ ከቤተ ክርስቲያኗ ምእመናን በአንዱ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ተጠግታለች። አሁን የምትፈልገው በድሮው ቦታ ላይ ቤቷን መልሳ መሥራት ነው።

የባሏ ወንድም ጋሽ ባሳ ቤት እንደነበራት አይክዱም። የሚክዱት ቦታውን ነው። እሷ ቤቴ መንገድ ዳር፣ ላይኛው ሜዳ ላይ ነበር ትላለች። እሳቸው ደግሞ ታች ገደሉ አፍ ላይ ነበር፣ እዚያው ትሥራ ይላሉ። ገደሉ አፍ ድንጋይ ነው፤ በየክረምቱም ይናዳል። ላይኛው ሜዳ ላይ ግን የጋሽ ባሳ ልጅ ሱቅ ሊሠራ አስቧል። የመሬት ደብተሩ በሁለቱ ወንድማማቾች አባት ስም ስለሆነ የቤት ቦታ አይለይም። ጎረቤቶቹ ከጋሽ ባሳ ጋር እየኖሩ በእሳቸው ላይ መናገር አልፈለጉም። ስለዚህ ቤቱን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች ከሌላ ቀበሌ ተመርጠዋል፤ ቅዳሜ መጥተው ቦታውን ሊያዩ ነው።

«አጠገቧ ተቀመጥ» አለችኝ እናቴ በሚኒባሱ መስኮት። «ምንም አትናገር። ሰው እንዳላት ይዩ፣ በቃ።»

ሂሳቡ መቶ ሃምሳ ብር ነበር። ከከተማ እንደወጣን መንገዱ ወደ ቀይ ጭቃ ተለወጠ። በግራና በቀኝ በቆሎው ትከሻ ላይ ደርሷል፤ ገና ግን ዛላ አልያዘም። ያየሁት ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ የሚበላ ግን ከመሃሉ ጥቂት ነው። በየደጁ የቆመው እንሰት ባይኖር ሰኔ እንዴት እንደሚታለፍ አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ እቅፋቸው ውስጥ ይዘዋል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ራሳቸውን ትተው ቅቤውን ይደግፋሉ። ሳማ በየት በኩል እንደሚገኝ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ጫማዬን አዩ።

«ምን ልታደርግበት?»

«ልበላው።»

«ሥራ የለህም እንዴ?»

«አለኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው።»

«ታዲያ ደሞዝ አይሰጡህም?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ «እማማ፣ ከቅቤው ትንሽ ቁረጡለት» አለ። እሳቸው ቅቤውን ጠበቅ አድርገው ይዘው ሳቁና ከዚያ በቁም ነገር መለሱልኝ። «ጫካ ውስጥ እንዳትፈልግ። ሳማ ሰው ይወዳል። ሰው የኖረበት፣ ከብት ያደረበት፣ አመድ የተደፋበት ቦታ ነው የሚበቅለው። ቤት ሲፈርስ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው።»

ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩት። የጻፍኩት ደስ ስላለኝ ነው። እውነትም ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም።

የኦፋ ከተማ ገሱባ ስንደርስ ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር በዳጣ በላሁ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ አሳላፊዋም ሳትጠየቅ ሁለተኛ ብርጭቆ ውሃ አመጣችልኝ። ከዚያ በሞተር ሁለት መቶ ብር ከፍዬ ዳገቱን ወጣሁ። ሞተረኛው ጭቃው በባሰበት «ውረድ» ይለኛል፣ ደረቅ ሲገኝ «ና» ይለኛል፤ ከመንገዱ ሩቡን ከፍዬ በእግሬ ሄድኩ ማለት ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ ዞር ስል ወደ ኦሞ የሚወርደው ቆላ ከጉሙ ሥር ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል። አፋፉ ላይ ነፋሱ ይበርዳል።

ስምንት ሰዓት፣ ላይኛው ሜዳ

የአክስቴ ክፍል ተቆልፏል። ገበያ ሄዳለች አሉኝ። በአማች ደጅ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ስለሆነ ወደ ጋሽ ባሳ ቤት ሄድኩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥም አያወልቁም። ሚስታቸው በዝንጅብልና በቃሪያ የፈላ የቡና ቅጠል አቀረቡልኝ። ስለ ቅዳሜው ነገር እሳቸውም አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። ምን እንዳመጣኝ ሲጠይቁኝ ስለ ሳማው ነገርኳቸው። እሳቸው እንደ ሚኒባሱ ሰዎች አልሳቁም።

«ምን ያህል ትፈልጋለህ?»

«ለራት የሚሆን። ለጓደኛዬም ትንሽ።»

«ና» አሉና ተነሡ።

ከባሕር ዛፎቹ ባሻገር፣ መንገዱ ዳር፣ ላይኛው ሜዳ ላይ ሳማ እስከ ወገብ ደርሶ ቆሟል። ቦታው ገርሞኝ ቆም አልኩ፤ የክርክሩ ሜዳ መሆኑን ባውቅም ልቤ ያለው ሳማው ላይ ነበር። ዙሪያው ሁሉ ሳር ሆኖ ሳማው ብቻ ክብ ሠርቶ በቅሏል፤ በገመድ የተለካ ይመስላል። ማስታወሻዬ ላይ «ክብ፣ እንደ ጉባኤ» ብዬ ጻፍኩ። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ጫፍ ጫፉን መቀንጠስ ጀመርኩ። ፌስታሉ አላዳነኝም። ሳማው በእጅ አንጓዬ ገብቶ ወደ ላይ ሲወጣ ቆዳዬ እንደ ቆሎ አበጠ።

ጋሽ ባሳ ቆመው ያዩኛል። «እንዲህ ከሆነ ሰኞም አትጨርስም» አሉና ወደ ቤት ሄደው ሁለት መቆፈሪያ ይዘው ተመለሱ። «ከሥሩ ንቀለው። የላሞቼን ጡት እየለበለበ አስቸግሮኛል። አንተ ትጠግባለህ፣ እኔ አርፋለሁ።»

የደምሴ ቃል ትዝ ብሎኛል። ግን ባለቤቱ ንቀል እያለ እንግዳ አይ አይልም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ መቆፈሪያው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያባዛ የሚውል ሰው አፈር ሲያገኝ ይቅበጠበጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ቆፈርን። ሥሩ ቢጫ ገመድ ነው፤ አንዱን ሲስቡት ሌላው አብሮ ይመጣል። አካባቢው ሁሉ ቀይ ሆኖ ሳማው ሥር ያለው አፈር ግን ጥቁርና ልስልስ ነበር። የሸክላ ስብርባሪ ወጣ። መሃል ላይ ደግሞ ፊታቸው የጠቆረ ሦስት ድንጋዮች ተቀራርበው ተቀምጠዋል። ጋሽ ባሳ አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ገደሉ ወረወሯቸው። ለኔ ራት ብለው በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ሲደክሙ ሳይ አፈርኩ። ዛፍ ሥር ተቀምጬ «ደግ ሰው ናቸው» ብዬ ጻፍኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አክስቴ ጋ

ማርታ ከገበያ ስትመለስ ደጇ ላይ አገኘችኝ። ስኳሩን ተቀብላ አመሰገነችና ሳማውን የሞላሁበትን ዘንቢል አየች። ስለ ግጥሙና ስለ ደምሴ ስነግራት እየሳቀች ተቀመጠች፤ ወላይትኛ ነው የምናወራው፣ አማርኛው የኔ ነው። «ሶዶ ውስጥ ሰዉ ሥጋ ይበላል ሲሉን፣ የእህቴ ልጅ ለሳማ ይመጣል» አለች። ዘንቢሉ ውስጥ እጇን ባዶውን ከተተች። «የሚፈራውን ነው የሚለበልበው። ጨበጥ ስታደርገው ይተዋል።»

ለጋውን መረጠች፣ አጠበች፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመረች። ሲበስል አወጣችና በእንጨት ማንኪያ ድስቱ ላይ እያሸች አላመችው። የበቆሎ ዱቄት በነሰነሰች ቁጥር ታማስላለች፤ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ጨመረች። ልታወርደው ስትል ሦስት ትልልቅ የጎመን ቅጠሎች ከጓሮ ቀጥፋ አመጣችና ከላዩ ደልድላ ሸፈነችው።

«ጎመኑ ለምንድነው?»

እጇ ቆመ። «ወይ ጉድ» አለች። «እናታችን እንዲህ ታደርግ ነበር። ሳማ የምትበላ ሴት ድስቷን በጎመን ትሸፍናለች። ሰው በድንገት ቢገባ ጎመን ነው የሚያየው።»

«ጎረቤቶቹ አያውቁም ነበር?»

«የነሱም ድስት ላይ ጎመን ነበር። እንዴት አያውቁም?»

«አሁን ማን ይገባል ብለሽ ነው?»

«ማንም አይገባም። እጄ ነው የለመደው።»

በበቆሎ ቂጣ በላን። ሳማ እንደ ጎመን ነው፣ ግን ይወፍራል፤ ዝናብ የመታው መሬት ሽታ አለው። ጉሮሮ አይለበልብም። ደምሴ ልክ ነበር፣ ስንኟም ውሸት ነበረች። ለማርታ ስነግራት ቂጣውን እየቆረሰች «የሚነደውስ የለቃሚው እጅ ነው» አለች። «እናትህ ትለቅም ነበር። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ እበላለሁ። ማታ ማታ እጇን አመድ ውስጥ ቀብራ ነበር የምትተኛው።» እናቴ ይህን ነግራኝ አታውቅም።

«እንዲህ የወፈረ ሳማ ግን ከየት አገኘህ?» አለች።

«ጋሽ ባሳ አሳዩኝ። ላይኛው ሜዳ ላይ ነው።»

ቂጣው እጇ ውስጥ ቀረ። «ቀንጥሰህ ነው?»

«ነቅለን ነው። መቆፈሪያ አመጡና አብረን ቆፈርን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ገና አልጠገበችም ነበር፤ ግን እጇን ታጠበች። ውሃው ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ሲንጠባጠብ ሚኒባሱ ላይ የሰማሁት፣ ክቡ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ሦስቱ ድንጋዮች ተራ በተራ መጡብኝ። ሦስቱ ድንጋዮች ጉልቻዋ ነበሩ።

«ሽማግሌዎቹ ቤቴን አላዩም» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ሳማውን ግን ያዩት ነበር። ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ የበቀለ ሳማ ምን እንደሆነ ማንም ሽማግሌ ያውቃል። ሌላ ምስክር አልነበረኝም።»

«እኔ እመሰክራለሁ።»

«አንተ የእህቴ ልጅ ነህ። የሥጋ ዘመድ ቃል ምስክር አይባልም።»

የተረፈው ሳማ ድስቱ ውስጥ አደረ።

ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው ሶዶ ተመልሼ ነው። እሑድ ማታ ለደምሴ ባዶ እጄን መጣሁ፤ ስንኟን በፊቱ ሰረዝኩ፣ እሱም ስለ ሳማው አልጠየቀኝም። ከጉዞው የተማርኩትን እዚሁ ብናገር ይሻላል፤ መጨረሻው የኔ አይደለምና። እኔ ዓይኔ ሹል ነው እያልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ክቡንም፣ አፈሩንም፣ ድንጋዮቹንም አይቼ በደንብ ጽፌያቸዋለሁ። ጽፌያቸው ስጨርስ ደግሞ በገዛ እጄ አጠፋኋቸው። ያየሁት ነገር የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዋናው አቶ ቶማ ይባላሉ፤ በእርጅና የጎበጡ፣ ነገር ከመናገራቸው በፊት በትራቸውን መሬት ላይ የሚያሽከረክሩ ሰው ናቸው። በጸሎት ጀመሩ። ጋሽ ባሳ ወደ ገደሉ አፍ ወስደው «እዚህ ነበር» አሉ። ማርታ ወደ ላይኛው ሜዳ ወስዳ «እዚህ ነበር» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ቆመች። የቆፈርነው ቦታ ላይ የስኳር ድንች ሐረግ በመስመር ተተክሏል። ከንጋት በፊት የተተከለ መሆን አለበት፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም።

ዝናቡ የመጣው ያኔ ነው። ቅርቡ ቤት የጋሽ ባሳ ስለነበር ሁላችንም ሮጠን ገባን። ሚስታቸው ወንበር አወጡልን፣ የቡና ቅጠሉንም ጣዱ። የሚከሰሱት ሰው አስተናጋጅ ሆኑ ማለት ነው።

«ማርታ፣ ምልክትሽ ምንድነው?» አሉ አቶ ቶማ።

«ሳማ ነበረበት። እስከ ትናንት።»

«ጥቂት ነበር» አሉ ጋሽ ባሳ። «እንግዳው ለራት ፈለገ፣ ሰጠሁት። እንግዳ በማስተናገዴ ነው የምከሰሰው?» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግ አሉ።

እናቴ አትናገር ብላኝ ነበር። ተነሣሁ። «የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ቃሌ ምስክርነት እንደማይሆን አውቃለሁ» አልኩ። «የሠራሁትን ብቻ ልናገር።» ሳማው ክብ እንደነበር፣ አፈሩ ጥቁር እንደነበር፣ ሦስት የጠቆሩ ድንጋዮች ወጥተው ገደል እንደተጣሉ ነገርኳቸው።

«ልጁ ገጣሚ ነው» አሉ ጋሽ ባሳ በረጋ ድምፅ። «ነገር ማሳመር ሥራው ነው።»

ባለፈው ሳምንት ቢሆን እውነታቸውን ነበር።

አቶ ቶማ በትራቸውን አሽከረከሩ። ወደ እኔ አልዞሩም፤ ወደ ጋሽ ባሳ ዞሩ። «እንግዳው ምን ብሎ ጠየቀህ?»

«ሳማ ልብላ አለኝ።»

«ሥሩ ይበላል?»

«አይበላም።»

«መቆፈሪያውን ማን አመጣው?»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። አቶ ቶማ ጥያቄውን አልደገሙትም። የጋሽ ባሳ ሚስት ምድጃው ጋ ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ ማማሰላቸውን ግን ትተዋል። ጋሽ ባሳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩት ቆዩ። ጣቶቻቸው እንደኔው አባብጠዋል።

«ላይኛው ሜዳ ላይ ነበር» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን «ክዳኑን እኔና ወንድሜ ነን የከደንነው» አሉ።

ማርታ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው።

«ሰማሽ?» አሉ አቶ ቶማ።

«ሰማሁ» አለች። ወደ ጋሽ ባሳ ዞራም «ስኳር ድንቹን ንቀሉ አልልዎትም፣ ጋሼ። ይድረስና እንካፈላለን። የቤቴን ምሰሶ መትከሉ እስከዚያ ይቆያል» አለች።

ጋሽ ባሳ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ተነሡ፣ በሽማግሌዎቹ ጉልበቶች መሃል ለመንገድ ይቅርታ እየጠየቁ አለፉ። ሚስታቸው በስማቸው ጠሯቸው። ከገዛ ቤታቸው፣ እኛን እንግዶቻቸውን ትተው፣ ወደ ዝናቡ ወጡና በሩን ከውጭ ሳቡት፤ ተዘጋ።